ነጭ ጠጠር የማይነሣባት አገር

በዜና መዋዕል ስሟ ያልተነሣ፥ መንገደኛም በጣቱ የማያመለክታት አንዲት አገር ነበረች። የዚያች አገር ሰዎች ትውልድ ትውልድን እየተካ አንድ ታላቅ ሐሳብ ያሰሉ ነበር። የዝናሙን መግቢያ፥ የዘሩን ቀን፥ የአጽዋማቱንና የበዓላቱን ዑደት፥ የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ ባንድ አስሮ የሚመጣውን ዘመን ሁሉ የሚገልጥ ሐሳብ ነው ይባል ነበር። አንድ ሊቅ ዕድሜውን ሙሉ ቢቀመጥበት አይጨርሰውም፤ አንድ ደብር ሊቃውንቱን ሁሉ ቢሰበስብበትም አይደርስበትም። ስለዚህ የቀደሙት አባቶች ሐሳቡን ቈራርሰው ከከተማው በላይ በተዘረጋው ተራራ ላይ ለተሠሩ ቤቶች አካፈሉት። እያንዳንዱ ቤት የደረሰውን ክፍል ቀን በፀሐይ፥ ሌት በመብራት ያሰላል፤ የአንዱ ቤት መጨረሻ ለሌላው ቤት መጀመሪያ ይሆናል። በቤቶቹ የሚያድሩት ቀማሪዎች ያለ ንጉሡ ደወል ደጃፋቸውን አልፈው እንዳይወጡ ተከለከሉ፤ አንዱ ቢጎድል የሁሉም ሐሳብ ይፋለሳልና።

እንዲህ የተበተነ ሥራ ጠባቂ ያሻዋል። በከተማው መካከል ቤተ ሰሌዳ የሚባል አዳራሽ ታነጸ። ሰሌዳው የወይራ ሳንቃ ነው። ወደ ጎን የሚሄደው መስመር፥ የንጉሡም ቤት ሳይቀር፥ የአንድ ቤት ነው፤ ወደ ታች የሚወርደው ዐምድ የአንድ ጥያቄ ነው። መስመርና ዐምድ በሚገናኙበት ሥፍራ ትንሽ ጉድጓድ ተፈልፍሏል፤ በጉድጓዱ ጠጠር ይቀመጣል። በየሐሳብ ቤቱ ጣሪያ ላይ ነጋሪ የሚባል ሰው ጨርቅ ይሰቅላል፤ የከተማው ተመልካች ጨርቁን አይቶ ለሰሌዳው ጠባቂ ይነግራል፤ ጠባቂውም በጨርቁ መልክ ጠጠሩን ያኖራል። ነጭ «ደኅና ነን» ማለት ነው፤ ቀይ «ዘገየን»፤ አረንጓዴ «ጨረስን»። ሌላ ቃል አልነበረም። ሥርዓቱን የሠሩት አባቶች በጎውን የሚያስቡ ሰዎች ነበሩና ከመዘግየት የከፋ ነገር በሐሳብ ቤት ላይ ሊወርድ እንደሚችል አልታያቸውም።

ነገሩ በዚህ ቢቀር መልካም ነበር። ግን ከነገሥታቱ አንዱ ሰሌዳውን ሊጎበኝ ገብቶ ባዶ ጉድጓድ አየ። የዚያ ቤት ነጋሪ ታሞ ኖሮ ጨርቅ ሳይሰቅል ውሏል። ንጉሡ በባዶው ጉድጓድ ፊት ላብ አጠመቀው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ተለየው። መኳንንቱም መክረው ደነገጉ፤ ቤት ዝም ቢል የተናገረው የመጨረሻ ቃል ይጸናል፤ ሌላ ቃል እስኪናገር ድረስ ጠጠሩ አይነሣም። ይህን የሚያስፈጽም ሹም ተሾመ፤ ማዕረጉም ዐቃቤ ባዶ ተባለ። ሥራው ባዶ እንዳይኖር መጠበቅ ነው። ባዶ ስለሌለ ሥራ የለውም ብለው የሳቁበት ነበሩ፤ ውሎ አድሮ ግን በአገሩ ከእርሱ ይልቅ የሚፈራ ሰው ጠፋ።

በዚያ አዳራሽ ምህርካ የሚባል ሰው አገናኝ ነበረ። ሰሌዳዎቹ ብዙ ናቸው፤ የሥራው ለብቻው፥ የዘይቱ ለብቻው፥ የአገልጋዮቹም ለብቻው፥ እያንዳንዱ በየእልፍኙ ተዘግቶ ይኖራል። የአንዱ ጠባቂ ወደ ሌላው እልፍኝ አይገባም፤ ስለ ሰሌዳውም ከባልንጀራው ጋር አያወራም። ጠያቂ ሲመጣ መልሱ በየትኛው እልፍኝ እንዳለ የሚያውቀው አገናኙ ብቻ ነው፤ እርሱ ገብቶ ሰምቶ ወጥቶ ይናገራል። ከአንዱ እልፍኝ ወደ ሌላው ከመግባቱ በፊት ግን በደጁ ከቆመው ጋን ቀዝቃዛ ውኃ ቀድቶ አፉን ይጉመጠመጣል፤ የሁለት ሰሌዳ ቃል በአንድ አፍ ውስጥ እንዳይገናኝ። ሁለት ሰሌዳን አስተባብሮ ማሰብ ቅይጥ ይባላል፤ ቅጣቱም መጽናት ነው።

መጽናት ምን እንደ ሆነ ምህርካ ያውቃል። ከእርሱ በፊት ለይኩን የሚባል አገናኝ ነበረ። አንድ ቀን ዐቃቤ ባዶ አስጠራው፤ ሄደ፤ አልተመለሰም። የለይኩን ጠጠር ግን በአገልጋዮች ሰሌዳ ላይ እንደ ነጣ ቀረ። ሚስቱ ማቅ ለብሳ ለተዝካሩ ፈቃድ ልትለምን ብትመጣ «ለሕያው ተዝካር አይደረግም» ብለው መለሷት። በየጧቱ ስም ሲጠራ ጠሪው «ለይኩን» ይላል፤ አገልጋዩ ሁሉ «ደኅና» ብሎ ይመልሳል። ምህርካም አብሮ «ደኅና» ይላል።

ምህርካ ከልጅነቱ ጀምሮ ጥርሱ አይረባም ነበር። ታናሽ ወንድሙ ኪዳኔ በዚህ ነገር ሲያፌዝበት ነው ያደገው፤ ቆሎ በቀረበ ቍጥር «ለጋሼ ገንፎ አምጡለት» ይል ነበር። ኪዳኔ አድጎ ቀማሪ ሆነ፤ ከተራራው ቤቶች ሁሉ ወደ ከተማው በሚቀርበው በግራር ሥር ገባ። ከግራር ሥር በላይ ነጭ ገደል አለ፤ ከዚያ በላይ ቁልቋል አፋፍ፤ በጫፉ ላይ ጽድ ራስ። ሌሎቹ ቤቶች ከሸለቆው ማዶ ናቸው።

በዚያ ዓመት የምህርካ መንጋጋ አበጠ። ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው እስከ ጆሮው ድረስ እሳት ይገባበታል። ስለዚህ በየደጁ ጽዋውን ያነሣል፥ ከንፈሩን ያረጥባል፥ ጉንጩን ነፋ አድርጎ መሬት ላይ እንትፍ ይላል፤ ወደ አፉ ግን አንዲት ጠብታ አያስገባም። ማንም አላወቀበትም። የሰሌዳው ቃል ግን በአፉ መቅረት ጀመረ።

አንድ ቀን ለግብር አስተናባሪዎች መልስ ሊያመጣ ወደ ሥራው ሰሌዳ ገባ። ጠባቂው አለቃ ጥዑም ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጠጠሮቹን በጣታቸው እየዳበሱ ነው የሚያነቡት።

«ጽድ ራስ፥ ደኅና» አሉ። «ቁልቋል አፋፍ፥ ደኅና። ነጭ ገደል፥ ደኅና። ግራር ሥር፥ ደኅና።»

«ሁሉም ነጭ ነው፥ አለቃ?»

«ነጭ መሆኑን እንኳ አላይም፤ ቦታው ላይ መሆኑን ነው የማውቀው። ቦታው ላይ ካለ ሌላ ምን ትሻለህ?»

ምህርካ ወጥቶ በባዶ ጉንጩ ተጉመጠመጠና ወደ ዘይቱ እልፍኝ ተሻገረ። የዘይቱ ሰሌዳ የጸና ቃል ሥርዓት የማይነካው ብቸኛ ሰሌዳ ነበር። ዘይት ስለሚሰረቅ በየወሩ መባቻ ይታጠባል፤ ቤቱ አህያውን ከአንድ ሎሌ ጋር ልኮ ከጎተራው ዘይት ሲወስድ ብቻ ጠጠር ይገባለታል። ጠባቂዋ ወይዘሮ እንጉዳይ እጇ ለመስጠት የማይዘረጋ፥ ግን ቃሏ እውነት የሆነ ሴት ናት።

«አንተ፥ ጉንጭህ ምን ሆኖ ነው? ዕንቍላል የጎረስህ ትመስላለህ» አለችው።

«ጥርሴ ነው፥ እመቤቴ።»

«አስነቅለውና ተገላገል። ይልቅ ደስታዬን ልንገርህ፤ ዘንድሮ ዘይት ተረፈኝ። ጽድ ራስ አህያ መስደድ ከተወ ሰነበተ። ቀጥሎ ቁልቋል አፋፍ ተወ። አሁን ደግሞ ነጭ ገደል አልመጣም። ያለ መብራት የሚያሰሉ ቅዱሳን አግኝቻለሁ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዘይት የማይጠግብ አንድ ቤት ነበረ፤ እርሱ እንኳ ጾም ገብቷል። የማን ቤት ነው ብለህ አትጠይቀኝ፤ አንገቴን እወደዋለሁ።»

የአለቃ ጥዑም ድምፅ ገና ከአፉ አልወጣም ነበር፤ ጽድ ራስ ደኅና፥ ቁልቋል አፋፍ ደኅና። ሁለቱ ቃላት በአፉ ውስጥ በቤቶቹ ስም ላይ ተገናኙ። ደኅና የተባሉት እነዚያ ቤቶች በጨለማ ተቀምጠዋል። ዝምታው ከጫፍ ተነሥቶ ቤት በቤት ወደ ታች እየወረደ ነው።

«ግራር ሥርሳ?» አለ፤ ድምፁ እንዳይንቀጠቀጥ ጥርሱን ነክሶ፥ ሕመሙም አስለቅሶት።

«ግራር ሥር ወስዷል። ግን የመጣው ሰው ምን እንደ ነካው እንጃ፤ ከጎተራው ርቆ እያሳለ ቆመና ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀምጡና ሂዱ፥ ወደ እኔ አትቅረቡ አለ። የቀማሪ ቤት ሰው መቼም ጠባዩ ልዩ ነው።»

ምህርካ ወጥቶ በአደባባዩ ላይ ቆመና ወደ ተራራው ቀና አለ። ከነጭ ገደል በላይ አሞሮች ይዞሩ ነበር። ሰው ሁሉ በአደባባዩ ያልፋል፤ ቀና የሚል ግን የለም። አንድ የደጅ አጋፋሪ ዓይኑን ተከትሎ አየና ወዲያው አንገቱን ደፋ። «ደመና ነው» አለ፥ ሳይጠየቅ።

በማግስቱ ዐቃቤ ባዶ ምህርካን አስጠራው።

የሹሙ ስም ጌታ አውሳብዮስ ነው። በእልፍኙ ሰሌዳ የለም፤ በነጭ ጠጠር የተሞላ ሰፊ ገበታ ብቻ አለ። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ እያነሣ በጨርቅ ይወለውላል። በምህርካ ፊት በጽዋ ውኃ ቀርቧል፤ ጽዋው በውጭ በኩል ጤዛ አውጥቷል።

«ተጉመጥመጥ» አለው አውሳብዮስ።

«ጌታዬ፥ ከእልፍኝ አልመጣሁም።»

«እኔ ዘንድ የሚገባ ሁሉ ይጉመጠመጣል።»

ምህርካ ጽዋውን አነሣ። በዚህ ጊዜ ማስመሰል አልተቻለውም፤ የሹሙ ዓይን ከጉንጩ አልተነቀለም። ውኃው ሲነካው እንባው ያለ ፈቃዱ ወረደ። ሳይጮህ ያዘው፤ ተፋው።

«አላመመህም?»

«አላመመኝም፥ ጌታዬ።»

«መልካም። አሞራ እንዳየህ ተነግሮኛል።»

«አይቻለሁ።»

«ለአሞራ የተሰጠ ዐምድ የለም፥ ምህርካ። ዐምድ የሌለውን ነገር ያየ ሰው የት ያስቀምጠዋል? በሆዱ። ሆድ ደግሞ ሰሌዳ አይደለም፤ ይሻግታል።» አንድ ጠጠር ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና መለሰው። «ጽድ ራስ ባለፈው ቀይ ሰቅሎ ነበር። ዘገየን አለ። ሰው ልኬ አስገሠጽሁት፤ በማግስቱ ነጭ ሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቃል ወጥቶት አያውቅም። እንዲህ የታዘዘ ቤት አይቼ አላውቅም።»

ምህርካ በግንባሩ ተደፋ። «ጌታዬ፥ ወንድሜ ግራር ሥር ነው። ለእርሱ ቤት ሰዎች ደወል ይደወልላቸው፤ ይውረዱ። ሌላ ምንም አልለምንም።»

«ወንድምህ ደኅና ነው» አለ አውሳብዮስ በለሰለሰ ድምፅ። «ጠጠሩ ነጭ ነው፤ ነጭ ሆኖም ይኖራል። የእርሱንም የአንተንም እኔ ራሴ እወለውለዋለሁ። ሂድ።»

ምህርካ ወጣ። ወደ ግራር ሥር በራሱ ሊሄድ አይችልም፤ የተራራው በር ለዘይት አህያ ካልሆነ ያለ ደወል አይከፈትም፥ ወንድሙም ያለ ደወል ደጃፉን ቢያልፍ በቤቱ ዘበኛ ጦር ይወጋል። ደወሉ ያለው በንጉሡ እጅ ነው፤ ንጉሡ ያለው ከመጋረጃው ኋላ ነው፤ በመጋረጃው ፊት የሚቆመው ደግሞ አውሳብዮስ ነው። አንድ መንገድ ብቻ ቀረ። ያን መንገድ ሲያስብ የለይኩን ስም በጆሮው ይጠራ ጀመር።

በወሩ ጉባኤ ሰሌዳዎቹ ሁሉ በጨርቅ ተሸፍነው ወደ ታላቁ አዳራሽ ይወጣሉ። ንጉሡ በቀይ መጋረጃ ኋላ ይቀመጣል፤ የደወሉ ገመድም እዚያው ነው። በጉባኤው መካከል አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ። በድንጋዩ ላይ የቆመ ሰው፥ ባሪያም ቢሆን፥ ጥያቄውን በሦስት ክፍል አድርጎ ካቀረበ፥ ይኸውም ምን እንደሚሻ፥ ከየት እንደሚሻ፥ በምን እንደሚለይ ከተናገረ፥ መልሱ እስኪነገር ድረስ ጉባኤው አይነሣም። የጥንት ሥርዓት ነው። ማንም አልሻረውም፤ አውሳብዮስ ካዘጋጀው ጥያቄ በቀር የሚጠይቅ ደፋር ስላልነበረ የሚሽረው ምክንያት አልተገኘም።

ምህርካ በድንጋዩ ላይ ወጣ። አገናኝ የሌላውን ጥያቄ ያደርሳል እንጂ የራሱ ጥያቄ የለውምና ጉባኤው የማንን እንዳመጣ ሊሰማ ጆሮውን አዘነበለ።

«የቤቶችን ስም እሻለሁ» አለ። «ከሥራው ሰሌዳና ከዘይቱ ሰሌዳ እሻለሁ። በሥራው ሰሌዳ ደኅና የተባለውን፥ በዘይቱ ሰሌዳ ግን ዘይት ያልወሰደውን፥ በዚህ እለያለሁ።»



«ቅይጥ ነው» አለ አውሳብዮስ።

አለቃ ጥዑም በበትራቸው መሬቱን መቱ። «ቅይጥ ነው፤ ቅጣቱም ይደርሰዋል። ነገር ግን በሦስቱ ክፍል ተጠይቋል። ሳይመለስ አንነሣም። እኔ በዚህ ሥርዓት ሸምግያለሁ፥ ጌታ አውሳብዮስ፤ ዛሬ ለአንተ ብዬ አላፈርሰውም።» ከዚያም ጨርቁን ገፍፈው ጣታቸውን በሰሌዳው ላይ አኖሩ። «ጽድ ራስ፥ ደኅና።»

ወይዘሮ እንጉዳይ የራሷን ሰሌዳ አየች። «አልወሰደም።»

አዋጅ ነጋሪው የተለየውን ስም ደገመ፤ «ጽድ ራስ።»

«ቁልቋል አፋፍ፥ ደኅና።»

«አልወሰደም።»

«ቁልቋል አፋፍ።»

ሁለቱ ጠባቂዎች የእርስ በርሳቸውን ሰሌዳ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። አለቃ ጥዑም ነጭ ገደል ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ፤ በፊታቸው ላይ ጥርጣሬ አለፈ። «ደኅና» አሉ፥ እንደሚጠይቅ ሰው። «አልወሰደም» አለች እንጉዳይ፤ ስለ ተረፈላት ዘይት ደስ ያላት ሴት አሁን አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ከጉባኤው መካከል አንዲት ሴት «ልጄ እዚያ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ግን የሰማይን ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ድምፅ ዝግ ያለ ነበር።

«ግራር ሥር፥ ደኅና።»

ምህርካ ዓይኑን ጨፈነ።

«ወስዷል» አለች እንጉዳይ።

የዚያ ቤት ስም አልተደገመም። ምህርካ በድንጋዩ ላይ እግሩን አጸና፤ አሁን ደወሉን መለመን ይችላል፤ በሕይወት ያሉ ስላሉ ይውረዱ ማለት ይችላል። አፉን ሊከፍት ሲል ግን ሽማግሌው ንባባቸውን አላቋረጡም። ከሸለቆው ማዶ ያሉትን ቤቶች አነበቡ፤ ሁሉም ወስደዋል። በመጨረሻው መስመር ላይ ደረሱ።

«ቤተ ንጉሥ» አሉ። «ደኅና።»

እንጉዳይ ዓይኗን ከሰሌዳዋ አነሣች።

«እመት እንጉዳይ፥ ጥያቄው አልተመለሰም።»

«አለቃ፥ እለምንዎታለሁ።»

«ይበሉ።»

«አልወሰደም» አለች።

አዋጅ ነጋሪው ስሙን ሳይደግም ዘወር አለ። ሕዝቡ ሁሉ ወደ መጋረጃው ተመለከተ። ቀድሞ ከመጋረጃው ኋላ መብራት ይነድ ነበር፤ የንጉሡም ጥላ በቀዩ ጨርቅ ላይ ይታይ ነበር። ያ ጥላ ከመቼ ጀምሮ እንደ ጠፋ ማንም ሊናገር አልቻለም፤ ሁሉም ያለ ይመስለው ነበርና።

አውሳብዮስ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ፤ የጠጠሮች መፋጨት ተሰማ። «ተመልሷል» አለ። «ጉባኤው ይነሣ። ይህም ሰው ይያዝ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሰውን ለመያዝ ደወል ያስፈልጋል፤ ለደወሉ መጋረጃውን መግለጥ ያስፈልጋል። አውሳብዮስ አጋፋሪዎቹን አየ፤ አጋፋሪዎቹ መሬቱን አዩ። እርሱ ራሱ ወደ መጋረጃው አንድ እርምጃ ሄደ፤ እጁን ዘረጋ፤ ጣቶቹ ጨርቁ ጋ ሳይደርሱ ቆሙ። ባዶን የሚጠብቀው ሰው ባዶን ሊያይ ፈራ። በዚያ ሁኔታ፥ እጁ እንደ ተዘረጋ፥ ቆሞ ቀረ።

ምህርካ ከድንጋዩ ወረደ፤ በሕዝቡ መካከል አልፎ ወጣ።

በተራራው በር ላይ ላለው ዘበኛ ወሬው ቀድሞ ደርሶት ነበር። «ደወሉ ተደውሏል ወይ?» አለው።

«የሚደውለው የለም።»

ዘበኛው ጦሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ከመንገዱ ገለል አለ። «ከላይ ምን እንዳለ ካየህ ተመልሰህ አትንገረኝ» አለው።

ምህርካ መንገድ ላይ መሸበትና በአንድ ዋሻ አፍ አደረ። ሲነጋ ጉም ተራራውን ሸፍኖ ነበር። በዚያች ሰዓት በታች፥ በከተማው፥ የጧቱ ስም ይጠራ ነበር፤ ጠሪው «ለይኩን» አለ፥ አገልጋዮቹ «ደኅና» አሉ፤ «ምህርካ» አለ፥ «ደኅና» አሉ። እርሱ ግን በግራር ሥር ደጃፍ ቆሟል። ጦር የያዘ ዘበኛ የለም። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። በጣሪያው ላይ ነጭ ጨርቅ በጤዛ ርሶ ተንጠልጥሏል።

አንኳኳ። መልስ የለም። ደግሞ አንኳኳ።

«ደኅና ነን» አለ ከውስጥ የደከመ ድምፅ።

ምህርካ ይህን ቃል ዕድሜውን ሙሉ በአፉ ተሸክሞ ከእልፍኝ እልፍኝ አመላልሷል፤ አሁን ከሳንቃው ማዶ ሲሰማው ጠጕሩ ቆመ። የማን ድምፅ እንደ ሆነ አላወቀውም። ሕያው ይሁን፥ የጸና ቃል ይሁን አላወቀም። ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ።

«ያን ቃል አትበለኝ» አለ። «በሰሌዳው ላይ የሌለ ነገር ንገረኝ። ምንም ይሁን።»

አንድ አሞራ ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ በጣሪያው ጫፍ ላይ አረፈ፤ ክንፉን አጣጠፈ። ምህርካ እጁን በሳንቃው ላይ እንደ ዘረጋ ቀረ።

ከዚያም ሳል ተሰማ፤ ሳሉን ተከትሎ የእግር መጎተት።

«ጋሼ» አለ ድምፁ ከበሩ ሥር፥ «ያ የበሰበሰ ጥርስህ ዛሬም አልተነቀለም? አነጋገርህ ተወላግዷል።»